ለተሰቀሉት መልካም ፍጻሜ

የማኬንዚ ሊን «ዘ ጀንትልማንስ ጋይድ ቱ ቫይስ ኤንድ ቨርቹ» በሁለት ሌሊት ነው የጨረስኩት። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ ታሪኩ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የሚካሄድ የጀብዱና የፍቅር ልቦለድ ነው። ሞንቲ የተባለ የእንግሊዝ መኳንንት ልጅ ከልጅነት ጓደኛው ከፐርሲና ከእህቱ ከፌሊሲቲ ጋር አውሮፓን ሊጎበኝ ይነሣል። ፐርሲን ያፈቅረዋል፤ ግን አይናገርም። ከዚያማ ቬርሳይ ላይ የተሰረቀች ሳጥን፣ ዘራፊ፣ የባሕር ወንበዴ፣ ምኑ ቅጡ! መጨረሻ ላይ ሁለቱ አብረው ናቸው፤ ያውም በሕይወት።

ታሪክ የሚያስተምር ጓደኛዬ ይሄን ስነግረው ሳቀ። «ስሚ፣ ይሄማ ተረት ነው። የሚጠብቃቸው ገመድ ነበር። ደስ የሚል ፍጻሜ ስትሰጫቸው የተሰቀሉትን ሰዎች እየረሳሻቸው ነው።»

አባባሉ ቀናት አብሮኝ ሰነበተ። እውነት አለውና። ጄምስ ፕራትና ጆን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1835 ለንደን፣ ኒውጌት እስር ቤት ደጅ ላይ ተሰቅለዋል። በእንግሊዝ በዚህ ክስ የተሰቀሉት የመጨረሻዎቹ እነሱ ናቸው፤ የሞት ቅጣቱ ራሱ ግን እስከ 1861 ከሕጉ አልወጣም። ታዲያ ደራሲ በምን መብት ነው ገመዱን የሚፈታው?

እዚህ ላይ ኢ. ኤም. ፎርስተር ትዝ ይለኛል። «ሞሪስ»ን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1913 እና በ1914 ሲሆን፣ መጽሐፉ የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ በ1971 ነው። እንቅፋቱ ሁለቱ ወንዶች መዋደዳቸው ብቻ አልነበረም፤ ሳይቀጡ አብረው መቅረታቸውም ጭምር እንጂ። አንዱን በገመድ ቢጨርሰው ኖሮ ነገሩ ይቀል እንደነበር ፎርስተር ራሱ ታዝቧል። እንግዲህ አሳዛኙ ፍጻሜም ንጹሕ እውነት አይደለም ማለት ነው፤ አንዳንዴ ለሕጉ የሚከፈል ግብር ነው። (እኛም በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ያደግን አንባቢዎች መቃብር ያልደረሰ ፍቅር ቶሎ አያሳምነንም።)

ደግሞስ የጓደኛዬ መዝገብ የሚያውቀው ማንን ነው? የተያዘውን። ፕራትና ስሚዝ የተያዙት የቤቱ ባለቤት በቁልፍ ቀዳዳ አጮልቆ ስላያቸው ነው። በሌላ ቤት ማንም ሳያያቸው አርጅተው የሞቱ ሁለት ሰዎች ግን ፋይል የላቸውም። ልቦለዱ የሚጽፈው እነዚያን ነው፤ ይህ ደግሞ ውሸት አይመስለኝም።

ግን ሙሉ በሙሉ አልረታሁም። ፕራትንና ስሚዝን ለፍርድ የላካቸው ዳኛ ራሱ በኋላ ምሕረት ለምኖላቸዋል፤ በዚህ ወንጀል ሀብታም በር ዘግቶ ሲያመልጥ የሚያዘው ድሃው ነው ብሎ። ሞንቲ የመኳንንት ልጅ ነው። ያን ሁሉ ጀብዱ የሚችለው በአባቱ ገንዘብና ስም ስለተነሣ ነው፤ የቀን ሠራተኛ ቢሆን ልቦለዱ ሃያ ገጽ አይሞላም ነበር። ደራሲዋ ይሄ ገብቷታል መሰለኝ፤ በመጨረሻ ውርሱን ትታ የምታስተርፈው ሰውዬውን ብቻ ነው። ፐርሲም አለ፤ ቆዳው ጠቆር ያለ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ከጉዞው በኋላ ወደ እብዶች ቤት ሊላክ የተወሰነበት። ሞንቲ የሚያድነውን መድኃኒት ሲያሳድድ ፐርሲ «ፈውሰኝ ብዬሃለሁ?» ዓይነት ጥያቄ ያነሣል፤ ፈውሱ የሌላ ሰው ሕይወት የሚጠይቅ መሆኑ ሲታወቅም እምቢ ይላል። ከወንበዴዎቹ ሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ይሄ ነው።

ቻርልስ ዲከንስ በዚያው ኅዳር ኒውጌትን ሲጎበኝ ሁለቱን አይቷቸዋል፤ ስማቸውን ሳይጠራም ጽፎላቸዋል። አንዱ ምድጃው ዘንድ ራሱን ክንዱ ላይ ደፍቷል፤ ሌላው ራቅ ብሎ መስኮት ተደግፏል። ያንን ገጽ አንብቤ የነሞንቲን የመጨረሻ ምዕራፍ እንደገና ከፈትኩ።