የማትሪክ ዕቅድ የማን አማና ነው?

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በወጣ ቁጥር ያለፈውን «ጎበዝ» እንላለን። የወደቀውን ወይ «ሰነፍ» ብለን እንወቅሰዋለን፤ ወይ «የአላህ ቀደር ነው» ብለን እናጽናናዋለን። ወቀሳውም ማጽናኛውም የሚመጣው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ልጁ 9ኛ ክፍል ሲገባ አጠገቡ ተቀምጦ «ምን ለመሆን አስበሃል? በየትኛው ትምህርት ደክመሃል?» ብሎ የጠየቀው ማን ነበር?

የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ኩረጃን ለመከላከል ሲባል በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች እንዲፈተኑ ተደረገ። ከ896 ሺህ በላይ ከሆኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ሆነ፤ 1,328 ት/ቤቶችም አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደርሷል። መሻሻሉ የሚያስደስት ቢሆንም ከአሥር ተፈታኞች ዘጠኙ ገና አላለፉም።

አንዳንድ ወገኖች «ውጤት በአላህ እጅ ነው፤ ዕቅድ ምን ይሠራል?» ይላሉ። ውጤቱ በአላህ እጅ መሆኑን ማንም ሙስሊም አይክድም። ነገር ግን ገበሬው ዝናቡ ከአላህ ነው ብሎ ማረሱን አይተውም። ሳያርስ «ተወኩል አድርጌያለሁ» ቢለን ስንፍናውን በዲን እንደሸፈነ እናውቃለን። ተማሪም እንደዚሁ ነው። የ9ኛ ክፍል ሒሳብ ያልገባው ልጅ የ12ኛውን በሁለት ወር ሩጫ አይጨብጠውም። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከቀረ ወዲህ ደግሞ በመካከል ቆሞ ድክመቱን የሚያሳየው አገር አቀፍ ሚዛን የለም። ስለዚህ በየዓመቱ ራሱን መመዘን፣ 11ኛ ክፍል ሲደርስም የተፈጥሮና የማኅበራዊ ሳይንስን ምርጫ ጓደኛን በመከተል ሳይሆን ዝንባሌን በማየት መወሰን የተማሪው ግዴታ ነው። በሰው መልስ ለማለፍ ማሰብ ግን ዕቅድ ሳይሆን ስርቆት ነው።

ይሁን እንጂ ሸክሙን ሁሉ በልጁ ትከሻ ላይ ብንጥል ፍትሕ እናጓድላለን። አንድ ት/ቤት አንድም ተማሪ ካላሳለፈ ልጆቹ በሙሉ ሰነፎች ነበሩ ማለት ይቻላልን?

ከጣርማ በር ወደ መንዝ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን መዘዞን እንመልከት። የውጭ አገር የከበሩ ድንጋዮች ነጋዴዎች ስሟን የሚያውቁት በአካባቢዋ በሚወጣው ኦፓል ነው። ኦፓሉ በተራ ድንጋይ ተሸፍኖ ስለሚገኝ ቆፋሪው ብዙ ድንጋይ ይሰብራል፤ ከላይ አይቶ «ባዶ ነው» ብሎ አይጥለውም። ለድንጋይ የሚታየው ይህ ትዕግሥት ለልጆች ሲሆን ያልቅብናል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተነሣው ግጭት ብዙ ት/ቤቶች ለረዥም ጊዜ ተዘግተው ቆይተዋል። በዚያ ክልል ያለ ተማሪ፣ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን፣ የጥናት ሰዓቱን በሥርዓት ቢከፋፍል እንኳ መምህርና መጽሐፍ ከሌለው ዕቅዱ ወረቀት ላይ ይቀራል። አዲስ አበባ ውስጥ አስጠኚ ከተቀጠረለት ልጅ ጋር በአንድ ወረቀት ሲፈተን ወረቀቱ እኩል ነው፤ መንገዱ ግን እኩል አልነበረም።

እንግዲህ አማናው የጋራ ነው። ተማሪው ስለ ሰዓቱ ይጠየቃል። ወላጅ ስለ ክትትሉ፣ መንግሥት ስለ መምህሩና ስለ ት/ቤቱ፣ እኛ የከተማ ሰዎች ደግሞ አቅማችን እያለ ስለ ተውነው ነገር እንጠየቃለን። ልጆቻችን የጨረሷቸውን መጻሕፍት ወደየትውልድ አካባቢያችን መላክ፣ የመድረሳ ክፍሎችን ማታ ማታ ለጥናት መክፈት፣ ዩኒቨርሲቲ የገቡ ወጣቶቻችን በክረምት ታናናሾቻቸውን እንዲያስጠኑ ማስተባበር ከአቅማችን በላይ አይደለም። ይህን ሳናደርግ የወደቀውን ልጅ «ሰነፍ» ከማለታችን በፊት የራሳችንን ድርሻ እንመርምር።

ወላሁ አዕለም።