የሰውነት ሐቅ

መርካቶ ውስጥ ከፈጅር እስከ ዒሻ የማያርፍ ነጋዴ «ጎበዝ» ይባላል። እንቅልፍ ሲጫነው በጫት ያባርረዋል። ጫት ግን እንቅልፉን ቢያባርርም ድካሙን አያወጣውም፤ ዕዳው በሰውነቱ ላይ ይቆያል። «ለልጆቼ ብዬ ነው» ይላል ወንድማችን፤ ልጆቹን የሚያያቸው ተኝተው ነው።

አቡ ደርዳእ (ረ.ዐ) ራሳቸውን ያደከሙት ለንግድ እንኳ አልነበረም፤ ቀን በጾም፣ ሌሊት በሰላት ነበር። ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ) ሊጠይቋቸው መጥተው «ካልበላህ አልበላም» ብለው ጾማቸውን አስፈቷቸው፤ ሌሊት ለሰላት ሲነሱም «ተኛ» አሏቸው። በሌሊቱ መጨረሻ ግን አብረው ተነስተው ሰገዱ። ጌታህም፣ ነፍስህም፣ ቤተሰብህም በአንተ ላይ ሐቅ አላቸው ማለታቸውን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲሰሙ፣ ሰልማን እውነቱን ነው አሉ። ለዒባዳ ያልተፈቀደ ድካም ለሱቅ ማን ፈቀደው?

የዕለት ጉርሱን በሸክም የሚያገኘው ወዛደር ግን «ልረፍ» ቢል ይራባል። የእርሱ ሐቅ የሚጠየቀው ከሚያሸክመው ነጋዴ ነው።