አጋፋሪውና ዝም ያለው እንግዳ

ደጃቸው ከእንግዳ የማይለይ አንድ ባላባት ነበሩ። አዳራሻቸው ደጋ ላይ ነው። ግብር ባበሉ ቁጥር ለእያንዳንዱ እንግዳ በመጋረጃ የተከለለ ቦታ ይሰጠዋል፤ እንግዳውም እዚያ ውስጥ ሆኖ ቤቱ በሙሉ ለእሱ ብቻ የተሰናዳ ይመስለዋል። ከመጋረጃው ወዲያ ሌላ ሰው ይኑር አይኑር አያውቅም። ይህን ሁሉ የሚያስኬደው አጋፋሪው ነበር። ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ለማን ስንት እንጀራ እንደሚደርሰው፣ ማን ከማን እንዳይጋፋ የሚወስነው እሱ ነው። አንድ ነገር ግን አያደርግም፦ በእንግዳውና በወጥ ሠሪዋ መካከል ገብቶ ቃል አያቀብልም። እንግዳው የሚሻውን በገዛ አፉ ይናገራል፤ ወጥ ሠሪዋ በገዛ ጆሮዋ ሰምታ ታቀርባለች። በዚያ ቤት ወጥ ሳይቀዘቅዝ መቶ ሰው የሚስተናገደው በዚህ ምክንያት ነበር።

ከዓመታት በኋላ ባላባቱ ቤታቸውን ወደ ቆላ አወረዱ። የደጋዋ ወጥ ሠሪ ሙያዋ አይታማም፤ ነገር ግን ማገዶ ትፈጃለች፣ ማድ ቤቱም በእሳቷ ይግላል። የቆላዋ በእፍኝ ፍም ያንኑ ድግስ ታወጣለች፤ ጭስ እንኳ አይታይም። ቋንቋዋ ግን ሌላ ነው። የደጋው ቋንቋ ቃሉ አንዱ አጭር፣ አንዱ እንደ ሐረግ የሚጎተት ነበር። የቆላዋ ቃላት በክር እንደተሰካ ዶቃ ሁሉም እኩል ናቸው።

ባላባቱ ይህን ልዩነት ልብ አላሉትም። ልብ ያላሉበትም ምክንያት አለ። ከደጋ አብረው የወረዱት የቤቱ አሽከሮች እንዳይቸገሩ ብለው እመቤቲቱ ቋንቋ አዋቂ ልጅ ጓዳ ውስጥ አስቀምጠውላቸው ነበር። አሽከሮቹ በደጋ ቋንቋ ይጠይቃሉ፣ ልጁ በሹክሹክታ ወደ ቆላው ይመልሰዋል፣ ምግቡ ይመጣል። ልጁ የተቀጠረው ግን ለቤተሰቡ ነው፤ ከጓዳ ወደ እንግዳ አዳራሽ አይወጣም።

የመጀመሪያው ግብር ደረሰ። ባላባቱ የደጋውን ዘመን የጥሪ መዝገብ አስወጡና መልእክተኛ ላኩ። መዝገቡ ላይ ገብሩ የሚባል ሰው አለ፤ በጨዋታው የታወቀ፣ ማኅበር ያለ እሱ የማይደምቅ። ገብሩ መንታ ወንድም አለው፤ ገብሬ ይባላል። በመልክም በጠባይም አንዱን ከአንዱ መለየት አይቻልም። የሚለያዩት በአስተዳደግ ነው፦ ገብሩ እናቱ ዘንድ ደጋ አደገ፣ ገብሬ አክስቱ ዘንድ ቆላ። መልእክተኛው መዝገቡ ላይ የተጻፈውን አነበበ፤ ገብሩን ይዞ መጣ።

አጋፋሪው እንግዳውን ተቀበለ፣ መጋረጃውን ከፈተ፣ መሶቡን አስቀረበ። ገብሩ ወደ ወጥ ሠሪዋ ዞሮ የሚሻውን ነገራት። እሷም ትክ ብላ አየችው። አልተቆጣችም፣ አልሳቀችም፣ ጥላውም አልሄደች። እጇን አጣምራ በራሷ ቋንቋ «ምን ላቅርብ?» አለችና ቆመች። መልስ የለም። ገብሩ ዝም፣ እሷም ዝም። ሰዓቱ ነጎደ፤ መሶቡ እንዳለ ነው።

ባላባቱ ይህን ሲያዩ «እንጀራው አንሶት ነው» አሉ። ለቤተሰቡ ከተጋገረው ላይ ተነሥቶ ተጨመረለት፤ የቤቱ ልጆች ጦማቸውን አደሩ፣ እንግዳው ግን አንድ ጉርሻ አልቀመሰም። «እንግዲያው ቦታው አልተመቸውም» ተባለና መጋረጃው ፈርሶ በሌላ ማዕዘን ተተከለ። ያው ነው። በመጨረሻ ጥፋቱ አጋፋሪው ላይ ወደቀ። ያገለገለበትን ዘመን ሳይቆጥሩለት አሰናበቱት።

ሁለተኛው አጋፋሪ ከጎረቤት ባላባት ቤት በብዙ ልመና መጣ። እንግዳውን በር ላይ ለማነጋገር አንድ አፍታ አልፈጀበትም፤ ወደ ባላባቱ ሄዶ እጅ ነሣና «ጌታዬ፣ ይህ ሰው በዚህ ቤት ሊስተናገድ አይችልም» አላቸው። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የዚህ ሰው ነገር ነው። እውነቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር የተናገረ እሱ ብቻ ነበር፤ ባላባቱም «እንግዳዬን ሰደበብኝ» ብለው በዚያው ቀን አባረሩት። ሦስተኛው አጋፋሪ ከወንዝ ማዶ በከፍተኛ ደመወዝ ተቀጠረ። ትሑት ነበር፤ ምንም ሳይናገር መጋረጃውን ከፈተ፣ መሶቡን አስቀረበ። ወጥ ሠሪዋም እንደ በፊቱ እጇን አጣምራ ቆመች።

በሦስተኛው ቀን ውሃ ቀጂዋ ባልቴት እንስራዋን ልታወርድ ገብታ ይህን አየች። ጥግ ይዛ ጥቂት ካዳመጠች በኋላ፣ «ጌታዬ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ይህ ሰው የሚጠይቃት በምን ቋንቋ ነው?» አለች።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ እንጀራው፣ ስለ መጋረጃውና ስለ አጋፋሪዎቹ ሲመከር ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም። መዝገቡ ይምጣ ተባለ። ባልቴቲቱ ፊደል ስላልቆጠረች ዲያቆኑ አነበበላት። «ገ፣ ብ፣ ሩ» አለ። «እኔ ውሃ በምቀዳበት መንደር ያለው ገብሬ ነው» አለች።

ገብሬ ተጠራ። አጋፋሪው ያው ሦስተኛው፣ መጋረጃውም ያው ነው፤ እንጀራው እንዲያውም ቀንሶ የልጆቹ ድርሻ ተመለሰላቸው። ገብሬ ገና ተናግሮ ሳይጨርስ ወጥ ሠሪዋ ጭልፋዋን አነሣች። በዚያው ሳምንት ባላባቱ ሁለተኛውን አጋፋሪ አስፈልገው ይቅርታ ጠየቁት።

አንድ ነገር ቀረ። በመዝገቡ ላይ መንታ የሌላቸው አንድ የደጋ ሽማግሌ ነበሩ። የድሮውን የርስት ድንበር የሚያውቁ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ የቤቱ ልጆችም ከእሳቸው መማር ነበረባቸው። ለእሳቸው በአዳራሹ ውስጥ አስተርጓሚ ተቀመጠላቸው። ሽማግሌው አንዲት ቃል ይናገራሉ፣ አስተርጓሚው አስቦ ወደ ቆላው ይመልሳል፣ ወጥ ሠሪዋ ጨው ይጨመር ወይ ብላ ትጠይቃለች፣ አስተርጓሚው ደግሞ ወደ ደጋው ይመልሳል። ለምሳ የተቀመጡት ሽማግሌ ከማዕዱ የተነሡት ሲመሽ ነው። ቢሆንም በሉ፣ ጠጡ፣ ልጆቹንም ድንበሩን አስተማሩ። እንዲህ ላለ እንግዳ መዘግየቱ የሚገባ ዋጋ ነው፤ ማንም አላጉረመረመም።

ይህን ምሳሌ ያወጋሁት ቤቴ ለመጣች አንዲት የኮምፒውተር ተማሪ ነው። አክስቷ ከሲልቨር ስፕሪንግ ያመጣችላት ማክቡክ ኤር አላት፤ ፕሮሰሰሩ ኤም1፣ ሚሞሪው 8 ጊጋባይት። የተሰጣት የሳይበር ደኅንነት ላብራቶሪ መመሪያ፣ ካሊ ሊኑክስን ቨርቹዋል ማሽን ላይ ጫኚ፣ ሜታስፕሎይተብል 2ን አጠገቡ አስነሺ ይላል። «ጋሼ፣ ሦስት ቀኔ ነው» አለችኝ። «ማሽኑ ይፈጠራል፤ ሳስነሣው ግን ጥቁር ስክሪን ላይ ሼል የሚል ጽሑፍ መጥቶ ይቆማል።» ሚሞሪውን 6 ጊጋባይት ድረስ ሰጥታዋለች፤ ላፕቶፑ ራሱ መንቀሳቀስ አቅቶታል። ሦስት ፕሮግራም እያወረደች ሞክራለች። አንደኛው፣ የዚህ ዓይነት ማሽን በዚህ ኮምፒውተር ላይ እንደማይደገፍ በግልጽ ጽፎላት ነበር። እሷ ፕሮግራሙ የተበላሸ መስሏት አጠፋችው።

«ልጄ፣ እስቲ በፍላሽ የተሰጠሽን ፋይል ስም አንብቢልኝ» አልኳት። ስሙ የሚያልቀው በኤኤምዲ64 ነው። ለእሷ የሚሆነው በኤአርኤም64 የሚያልቀው ነበር። ሁለቱም ሦስት ሦስት የላቲን ፊደል ናቸው፣ ሁለቱ ፊደላት ደግሞ የጋራ። ለቸኮለ ዓይን ገብሩና ገብሬ ማለት ናቸው። ስሙ ራሱም ያሳስታል። ኤክስ86 የተባለውን የኢንቴል የትእዛዝ ቋንቋ ወደ 64 ቢት ያሳደገው ኤኤምዲ ነው፤ የመጀመሪያው ፕሮሰሰር እ.ኤ.አ. በ2003 ወጣ። ስለዚህ ደቢያንና የእሱ ወገን የሆኑት ሊኑክሶች ለኢንቴል ማሽን የሚሆነውንም ፋይል ኤኤምዲ64 ይሉታል።

ይህ የኢንቴል ቋንቋና ኤአርኤም64 የሚለው ስም የሚያመለክተው የአርም ቋንቋ የሥጋ ዝምድና የላቸውም። ኤክስ86 ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1978 ካወጣው 8086 ይወርዳል። አርም የተወለደው በእንግሊዝ ኬምብሪጅ፣ ኤኮርን በተባለው ኩባንያ፣ በሶፊ ዊልሰንና በስቲቭ ፈርበር እጅ ነው፤ የመጀመሪያው ቺፕ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። የኤክስ86 አንድ ትእዛዝ ከ1 እስከ 15 ባይት ይረዝማል፤ በ64 ቢቱ አርም እያንዳንዱ ትእዛዝ 4 ባይት ነው። አፕል እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በኢንቴል የሠራውን ቤት በኖቬምበር 2020 በኤም1 ወደ አርም አወረደው። ዛሬ ስናፕድራገን ያለባቸው የዊንዶውስ ላፕቶፖችም እዚያው ቆላ ናቸው።

ቨርቹዋል ማሽኑን የሚያስነሣው ፕሮግራም፣ ሃይፐርቫይዘር የሚባለው፣ አጋፋሪው ነው። ጀራልድ ፖፔክና ሮበርት ጎልድበርግ ይህን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1974 በጽሑፍ ሲተነትኑ፣ ከእንግዳው ትእዛዝ አብዛኛው በእውነተኛው ፕሮሰሰር ላይ በቀጥታ መፈጸም አለበት ብለው አስቀምጠዋል። አያስተረጉምም ማለት ነው። ፕሮግራሙን በሌላ ፕሮግራም መቀየር የእንግዳውን ቋንቋ አይለውጠውም። ያ ሼል የሚለው ጥቁር ስክሪንም ብልሽት አይደለም። የአርም ማሽን ማስነሻ ዲስኩ ላይ ቡትኤኤ64 የሚባል ፋይል ይፈልጋል፤ የኤኤምዲ64 ዲስክ ያለው ቡትኤክስ64 ነው። የሚፈልገውን ሲያጣ ሼሉን ከፍቶ ትእዛዝ ይጠብቃል፤ እጇን አጣምራ እንደቆመችው ወጥ ሠሪ።

«የድሮ የኢንቴል ፕሮግራሞች እኮ እዚሁ ማክ ላይ ይሠሩልኛል» አለች። እውነቷን ነው። የጓዳው ልጅ ሮዜታ 2 ይባላል። ለኢንቴል የተሠሩ የማክ ፕሮግራሞችን ይተረጉማል፤ ሙሉ የኤክስ86 ኦፕሬቲንግ ሲስተም በእንግድነት ሲመጣ ግን አይቀበልም።

በኤአርኤም64 የሚያልቀውን ካሊ አወረድን፤ ሚሞሪውን ወደ 3 ጊጋባይት መለስነው። ዩቲኤም የተባለው የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራም አዲስ ማሽን ሲፈጠር መጀመሪያ የሚጠይቀው ቨርቹዋላይዝ ወይስ ኢሙሌት ብሎ ነው፤ ለካሊ የመጀመሪያውን መረጥን፣ ተነሣ። ሜታስፕሎይተብል 2 ግን መንታ የሌላቸው ሽማግሌ ናቸው። ለመማሪያ እንዲሆን ሆን ተብሎ ደካማ ተደርጎ የተሠራ፣ በኡቡንቱ 8.04 ላይ የቆመ ባለ 32 ቢት የኤክስ86 ማሽን ነው፤ የአርም ቅጂ የለውም። ለእሱ ኢሙሌት የሚለውን መረጥን፤ እዚያ ውስጥ የሚያስተረጉመው ፋብሪስ ቤላር የጀመረው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኪውኢሙ ነው። ለመነሣት ቡና ተፈልቶ እስኪቀዳ ድረስ ፈጀ። ከተነሣ በኋላ ግን ለልምምዱ በቂ ነበር፤ ሥራው ሌላው ማሽን እስኪመጣበት መጠበቅ ነውና።

የላብራቶሪ መመሪያ ለምትጽፉ መምህራን አንድ ልመና አለኝ። በፍላሻችሁ ላይ ሁለቱንም የካሊ ፋይሎች አስቀምጡ። በመመሪያው የመጀመሪያ ገጽም ተማሪው የላፕቶፑን የፕሮሰሰር ዓይነት የሚጽፍበት አንድ ባዶ መስመር ተዉለት። ይህች ልጅ በሦስት ቀን የጨረሰችው የኢንተርኔት ጥቅል በራሷ የኪስ ገንዘብ የተገዛ ነበር።