ፎቶው ወጣ፤ ፌስታሉስ?

ፎቶ ማንሳት ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለውን የቆየ ክርክር ለዑለማዎቻችን ልተወውና እኔን ያስጨነቀኝን ጥያቄ ላንሳ። ጥፋትን አይቶ በፎቶ ያሳየ ሰው ግዴታውን ተወጥቷል ማለት ነውን?

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት ሸዋ ሮቢት ከሮቢ ወንዝ ዳር ቆሜ፣ ጎርፍ ያመጣው ፌስታልና ባዶ ሃይላንድ ቁጥቋጦው ላይ ተንጠልጥሎ አየሁና በስልኬ አነሳሁት። እዚያው ሆኜ ለወዳጆቼ ላክሁ፤ «ጎበዝ፣ ማጋለጥ እንዲህ ነው» የሚል ምስጋና ወዲያው ደረሰኝ። ከአጠገቤ ከብት የሚያጠጡ አንድ ሽማግሌ ግን «ፎቶው ወጣ ልጄ፤ ፌስታሉስ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ሄድኩ።

ፎቶ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ባሕር ለሌለን ለእኛ ውቅያኖስ በምስል ካልሆነ በምን ይታወቃል? ክሪስ ጆርዳን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2009 በፓስፊክ ውቅያኖስ መሐል ወደምትገኘው ሚድዌይ ደሴት ሄዶ የሞቱ የአልባትሮስ ጫጩቶችን አንስቷል። ሬሳቸው ሲፈርስ ከሆዳቸው የጠርሙስ ክዳንና ላይተር ታየ፤ ወላጆቻቸው ምግብ መስሏቸው ከባሕር ለቅመው ያጎረሷቸው ነው። ሰውዬው አንዲት ቁራጭ እንኳ ከቦታዋ እንዳላነቃነቀ ተናግሯል። ለእኔ ይህ ምስክርነት ነው። ምስክር ያየውን መደበቅ እንደማይፈቀድለት ሁሉ መጨመርም አይፈቀድለትም።

ወደ አገራችን ወደ ጣና ስንመጣ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። እምቦጭ በሐይቁ ላይ መታየቱ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን በዓለም የተሰራጨው ለአበባው ውበት ተብሎ ነው፤ በፎቶ ሲታይ እንኳን አደጋ፣ የአትክልት ቦታ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2017 አካባቢ ምስሉ አገር ምድሩን ሲያንቀሳቅስ፣ የዳርቻው ገበሬና ከሩቅ የመጣው ወጣት እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ፤ ይህ የሚመሰገን ነው። ሆኖም አረሙን የሚመግበው ከእርሻ የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማም የሚወርደው ቆሻሻ ነው፤ ዘሩም ደለል ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል። ይህን ካሜራ አያሳይም። ካሜራ የሚያሳየው ነቃዩን ነው። አንድ እፍኝ ነቅሎ ለፎቶ የቆመውንና ቀኑን ሙሉ ሲነቅል የዋለውንም አይለይም፤ ኒያቸውን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። ይዩልኝ ሶላትን እንኳ የሚያበላሽ ከሆነ፣ ሐይቅ ማዳንን አይነካም ያለው ማነው?

«እኛ የይፋት ቆላ ሰዎች ነን፣ ባሕር ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። እንዲያውም የእኛ ይብሳል። የእኛ ውኃ የሚወርደው ወደ አዋሽ ነው፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ይቆማል። የጣልነውን ውቅያኖስ አይሰውርልንም፤ የሚያርፈው ከታች ያለው የአፋር ወንድማችን ግመሉን ከሚያጠጣበት ውኃ ውስጥ ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ ጆንያ ይዤ ወደ ሮቢ ተመለስኩ። ሌሊት ጎርፍ ወርዶ ኖሮ ቁጥቋጦው ባዶውን ቆሟል። ሽማግሌውም አልነበሩም። ፎቶው አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ።