ካሜራው እስኪመጣ

ባለፈው ግንቦት አንድ መጥፎ ልማድ ያዘኝ። ፎቶ ማንሳት አቆምኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግንቦት 14 ቀን 2017 ፉጂፊልም ኤክስ ሃፍ የሚባል ትንሽ ዲጂታል ካሜራ ይፋ አደረገ። ሩብ ኪሎ አይሞላም፣ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ መልኩ ግን ቁርጥ የአባቶቻችን ዘመን ካሜራ ነው። አናቱ ላይ እንደ ድሮው ፊልም የሚስብ የሚመስል እጀታ አለው፤ ውስጡ ፊልም የለም። ማታ ማታ ዩቱብ ከፍቼ ቶኪዮ ውስጥ፣ ለንደን ውስጥ ሰዎች ይዘውት ሲዞሩ አያለሁ። ዋሽንግተን ያለው የአክስቴ ልጅ «ስመጣ ይዤልህ እመጣለሁ» አለኝ። መቼ እንደሚመጣ እሱም አያውቅም። ብቻ ከዚያ ቀን ጀምሮ በስልኬ የማነሳው ሁሉ አስጠላኝ። ጀምበር ጁገል ግንብ ላይ ስትወድቅ አይና «ይሄ ለአዲሱ ካሜራ ነው» እላለሁ። ከተማዋን ቆጥቤ ማስቀመጥ ጀመርኩ ማለት ነው።

ጊደር መጋላ ቅመም የምትሸጥ አንድ አዴ አለች። (እኛ ሐረር ትልቅ ሰውን «አንቺ» ማለት ነውር አይደለም፤ ከሌላ አገር የመጣችሁ እንዳትቀየሙኝ።) እርዷን፣ ጥቁር አዝሙዷን፣ ቁንዶ በርበሬዋን ትንንሽ ቁልል አድርጋ ትደረድራለች። ቱሪስት ካሜራ ይዞ ሲመጣ ሻሿን ፊቷ ላይ ትስባለች፣ ካልገባው ደግሞ በእጇ ታባርረዋለች። አንድ ጠዋት ራሷ ጠራችኝ።

«አንተ ልጅ፣ እስቲ አንሳኝ። ለልጄ ልልክለት ነው።»

ልጇ ጅዳ ነው። ከሄደ ስድስት ዓመቱ። እኔ ምን ብላት ጥሩ ነው?

«አዴ፣ ትንሽ ታገሺኝ። ጥሩ ካሜራ እየመጣልኝ ነው። በሱ አሳምሬ አነሳሻለሁ።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«በቅርቡ።»

«ኢንሻአላህ» አለች። ቃሉን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ አንዳንዴ «እሺ» ማለት ነው፣ አንዳንዴ «ተወው» ማለት ነው።

ሦስት ሳምንት ቆይቼ ስሄድ ሥጋ ተራ የሚላላክ አንድ ልጅ፣ መስታወቱ በተሰነጠቀ ስልክ አንስቷት በኢሞ ልኮላታል። ፎቶውን አሳየችኝ። ግማሹ ደብዝዟል፣ ጥግ ላይ የልጁ አውራ ጣት ገብታለች፣ ጸሐዩ ከጀርባዋ ስለሆነ ፊቷ ጨልሟል። ጅዳ ያለው ልጇ የስልኩ መግቢያ ፎቶ አድርጎታል።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይላሉ። እኔ ከብብቴ የጣልኩት ግን የራሴን አልነበረም። የሰው ነው። ጥያቄዬ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው፤ አንድን ነገር በጉጉት መጠበቅ መቼ ነው ጥፋት የሚሆነው?

ሐረር ውስጥ ካሜራ በጉጉት በመጠበቅ የመጀመሪያው እኔ አይደለሁም። ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ እዚህ ከተማ የገባው በ1880 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ አካባቢ ነው፤ ያኔ ሐረር በግብጾች እጅ ነበረች። ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ትቶ ለአልፍሬድ ባርዴ የንግድ ድርጅት ተቀጥሮ ቡናና ቆዳ ይገዛ ነበር። በ1882 መጀመሪያ ላይ አንድ ሐሳብ መጣለት። ስለ ሐረርና ስለ አካባቢዋ ካርታና ሥዕል ያለው መጽሐፍ አዘጋጅቶ ለፓሪሱ የጂኦግራፊ ማኅበር ማቅረብ። ለዚህ ካሜራ ያስፈልጋል። ካሜራው ደግሞ ሊዮን፣ ፈረንሳይ ነው ያለው።

ከሺህ ፍራንክ በላይ አወጣበት። ዕቃው ከሊዮን ኤደን፣ ከኤደን ዘይላ፣ ከዘይላ በግመል ጭነት በረሃውን አቋርጦ ሐረር መግባት አለበት። ራምቦ ራሱ መጀመሪያ ሲመጣ ከባሕሩ ዳር እስከዚህ ሃያ ቀን ያህል ፈጅቶበታል። ስለ ካሜራ መጻፍ ከጀመረበት እስከ መጀመሪያዎቹ ፎቶዎቹ ድረስ ከአንድ ዓመት በላይ ሄደ። እኛ የዕቃ መከታተያ ቁጥር በቀን አሥር ጊዜ የምናድስ ሰዎች ይሄን ልብ እንበል።

በመጨረሻ ካሜራው ደረሰ። ግንቦት 6 ቀን 1883 እ.ኤ.አ. ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ራሱን ያነሳባቸውን ፎቶዎች ላከ። አንዱ የቤት ሰገነት ላይ ቆሞ፣ ሌላው ቡና መሀል፣ ሌላው ሙዝ መሀል እጆቹን አጣምሮ። ፎቶዎቹ ነጭተዋል። ያጠበባቸው ውኃ መጥፎ ስለነበር እንደሆነ ይነግራቸዋል፤ ወደፊት የተሻለ እንደሚሠራ ቃል ይገባል፤ የላከውም መልኩን እንዲያስታውሱትና አገሩን እንዲያዩለት ብቻ መሆኑን ይጽፋል።

ይሄን ደብዳቤ ከአዴ ነገር በኋላ ሳስበው አቦ፣ አፈርኩ። ሰውዬው አንድ ዓመት ሙሉ የጠበቀው ካሜራ ነው። የወጣለት ፎቶ ግን የተበላሸ ነው። ቢሆንም ላከው። «ቆይ፣ ንጹሕ ውኃ ላግኝና» አላለም። ልጅ ከሐረር ለእናቱ የደበዘዘ መልኩን ላከላት። ከ140 ዓመት በኋላ ደግሞ አንዲት እናት ከሐረር ለልጇ የደበዘዘ መልኳን ለመላክ ስትሞክር፣ መሀል ላይ ቆሜ «ጥራት» ያልኩት እኔ ነኝ።

ራምቦን ግን ቅዱስ አላደርገውም። ከተረፉት ጥቂት ፎቶዎቹ አንዱ ላይ ዳቡላ ማለትም የዕቃ ከረጢት የሚሠራ ሰው ይታያል። ሰውየው እኛ ዘንድ የደረሰው በሙያው እንጂ በስሙ አይደለም። የልጅ ልጆቹ ዛሬ ጊደር መጋላ ውስጥ በአጠገቤ ቢያልፉ እነሱም እኔም አናውቅም። መጽሐፉም ቢሆን አልወጣም። በ1885 ካሜራውን ሸጠው፤ እየቆጨው፣ ግን ሳይከስር። ያ ሁሉ ጥበቃ ሁለት ዓመት ገደማ አገለገለ ማለት ነው።

አሁን ወደ እኔ ካሜራ እንመለስ። ኤክስ ሃፍ የሚያስመስለው ሃፍ ፍሬም የሚባሉትን የድሮ ካሜራዎች ነው። ኦሊምፐስ በ1959 እ.ኤ.አ. ፔን የተባለውን ካሜራ ሲያወጣ ሐሳቡ ቁጠባ ነበር። የአንድን ፎቶ ቦታ ለሁለት ከፍሎ፣ 36 ፎቶ ከሚያወጣው ጥቅል 72 ማውጣት። ፊልም ውድ ስለነበር። ዛሬ የዚያ የቁጠባ ዕቃ አምሳያ አሜሪካ ውስጥ 849 ዶላር ተብሎ ወጣ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይሄ ከመቶ ሺህ ብር በላይ ነው። የድሮ ሰዎች ገንዘብ ለማትረፍ የያዙትን እኛ ገንዘብ አፍስሰን ልንይዘው እንጓጓለን።

ካሜራው አንድ አስገራሚ ነገር አለው። የፊልም ካሜራ ዘዴ የሚባለውን ከመረጣችሁ 36፣ 54 ወይም 72 ፎቶ እስክትጨርሱ ድረስ ያነሳችሁትን አያሳያችሁም። በትንሿ መስኮት አይታችሁ ታነሳላችሁ፣ እጀታውን ትስባላችሁ፣ ሲያልቅ በስልክ መተግበሪያ «ታጥባላችሁ»። መጠበቅን ነው የሚሸጥልን። ጓደኛዬ ይሄን ስነግረው ከት ብሎ ሳቀ። «መብራት ጠፍቶ ሲመጣ፣ ውኃ ሄዶ ሲመለስ፣ ፓስፖርት ቀጠሮ... እኛ ጋ መጠበቅ በነጻ ነው፣ ምን አስገዛህ?»

ቀልዱ እውነት አለው። ግን ካሜራውን የሠሩት ሰዎችም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ቤታችን ግድግዳ ላይ የአያቴ አንድ ፎቶ አለ፣ ፎቶ ቤት ገብታ የተነሳችው፣ ጥቁርና ነጭ። ለዚያች አንድ ፎቶ የአንገት ጌጥ ከጎረቤት ተውሳለች። ታጥቦ እስኪወጣ ቀናት ጠብቃለች። ስልኬ ውስጥ ከስምንት ሺህ በላይ ፎቶ አለ፤ ለአንዱም ጌጥ የተዋስኩለት የለም። ስለዚህ መጠበቅ በራሱ ነገርን ክቡር ሊያደርግ ይችላል። ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

አያቴ የጠበቀችው ፎቶው ከተነሳ በኋላ ነው። ራምቦም ካሜራውን ሲጠብቅ ቡናውን መግዛት አላቆመም፣ ደብዳቤውን መጻፍ አላቆመም። እኔ ግን ጥበቃዬን ከሥራው በፊት አስቀመጥኩት። ገና ያልመጣውን ካሜራ አጠገቤ ላለው ሰው «አይሆንም» ማለቻ አደረግሁት። ጉጉት ኃጢአት አይመስለኝም። ሰው የሚጓጓለት ነገር ሲያጣ ምን እንደሚመስል አይተናል። ጥፋት የሚሆነው የጉጉቴን ሒሳብ ሌላ ሰው ሲከፍልልኝ ነው። የምፈልገውን ነገር ብጠብቅ የራሴ ጉዳይ ነው፤ ዕዳዬን ግን በጉጉቴ ማዘግየት አልችልም። «አንሳኝ» ባለችኝ ሰዓት ፎቶው ዕዳዬ ሆኗል።

«ማን አስገደደህ? ፎቶ አንሺዋ አይደለህ» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ እምቢ ማለት እችል ነበር። እምቢ ብላት ግን በዚያው ቀን ሌላ ሰው ትፈልግ ነበር። እኔ ያልኩት «በቅርቡ» ነው። «በቅርቡ» ሰውን ቁጭ አድርጎ ያስጠብቃል።

ሌላም ነገር አለ። ጊደር መጋላ ሥጋ ተራ የሄደ ሰው ጭላቶቹን ያውቃቸዋል። ሥጋ ገዝታችሁ በእጃችሁ ይዛችሁ ከወጣችሁ ከየት መጣ ሳይባል ነጥቀው ይሄዳሉ። ካሜራ ይዘው ከሚመጡት አንዳንዶቹ እንደዚያው ናቸው። አዴ ሻሿን የምትስበው ለዚህ ነው። እኔ ራሴን ከነሱ ለይቼ «የሰፈር ልጅ ነኝ» እል ነበር። ግን ሳስበው፣ በሐሳቤ አዘጋጅቼላት የነበረው ፎቶ የሷ አልነበረም። ቁልሎቿ ከፊት፣ የጠዋት ብርሃን ከግራ፣ የድሮ ፊልም የሚመስል ቀለም። ይሄ ለእኔ ገጽ ነው። ጅዳ ያለው ልጅ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም፤ እናቱ ከስታ እንደሆነ፣ ጥርሷ እንዳለ፣ እየሳቀች እንደሆነ ነው የሚያየው። ጭላት ነጥቆ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ስትሰጠኝ «ቆይ፣ ሰሃኔ ይምጣ» አልኳት።

ባለፈው ቅዳሜ ሄድኩ። ይቅርታ የሚባል ነገር ልናገር አሰብኩና ገበያ መሀል ስለከበደኝ ሩብ ኪሎ እርድ ገዛሁ። ከዚያ ስልኬን አወጣሁ።

«አዴ፣ ላንሳሽ?»

«ያ ካሜራህ መጣ እንዴ?»

«አልመጣም።»

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ሻሿን ፈትታ እንደገና አሰረችው፣ ከጎኗ ያለችውን ሽንኩርት ሻጭ «ዞር በይልኝ» አለቻት፣ ቀና ብላ ተቀመጠች። ሦስት አነሳሁ። አንዱ ላይ ዓይኗን ጨፍናለች፣ አንዱ ላይ ሽንኩርት ሻጯ አንገቷን አስግጋ ገብታለች። ሦስቱንም እዚያው ላኩላት፣ የጨፈነችውንም ጭምር፤ «ይሄን ደምስሺው» ስላት «ተወው፣ እንዲያውም እንደዚህ ነው የሚያውቀኝ፣ ስስቅ እጨፍናለሁ» አለች።

ካሜራውን አሁንም እፈልገዋለሁ። ማታ አሁንም ዩቱብ ላይ አየዋለሁ። ለአክስቴ ልጅም ትናንት ደውዬለታለሁ፤ «በቅርቡ» ብሎኛል።