ድምፅ የሌለው አማና



ዛሬ ጁምዓ ነው። ብዙዎቻችሁ ሱረቱል ከህፍን ቀርታችኋል፤ ያልቀራችሁም ፀሐይ ሳትጠልቅ ጊዜ አላችሁ። በዚያች ሱራ ውስጥ አንድ ዓሣ አለ። ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) ዕውቀት የተሰጠውን የአላህ ባሪያ ፍለጋ ሲጓዙ አብሯቸው የነበረው ወጣት በዘንቢል ዓሣ ይዞ ነበር። ቋጥኙ ዘንድ ሲያርፉ ዓሣው ወደ ባሕሩ ገብቶ ሄደ። ወጣቱም መናገሩን ረሳ። ትዝ ያለው ሙሳ ምሳ ሲጠይቁት ነው። እርሳቸው ግን ምሳችን አመለጠን ብለው አልተቆጡም። የሚፈልጉት ሰው የሚገኘው ዓሣው በጠፋበት ቦታ ስለነበር ዱካቸውን ተከትለው ተመለሱ።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት ዛሬ ስለ ዓሣ ልናወራ ስለሆነ ነው። «ጭሮ ተራራ ላይ ተቀምጠን ስለ ባሕር ማውራት ምን አመጣው?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ባሕር የለንም። ስልክ ግን አለን። ጭሮም፣ ሂርናም፣ ገለምሶም፣ በዴሳም ማታ ማታ ስንቱ ወጣት የባሕር ፍጥረታትን ቪዲዮ እያየ እንደሚያመሽ እናንተው ታውቃላችሁ። አንዱ ለሌላው ይልካል፤ የተላከለት ደግሞ «ሱብሐነላህ!» ብሎ ይመልሳል።

ቢገርማችሁ አይገርምም። ኦክቶፐስ ሦስት ልብ አለው፣ ደሙም ሰማያዊ ነው። በባሕር ፈረስ ዘንድ ልጆቹን በከረጢቱ ተሸክሞ የሚወልደው ወንዱ ነው። ክላውንፊሽ የሚባለው ብርቱካናማ ዓሣ ሌሎች ዓሣዎችን በሚናደፈው አኔሞኒ መሃል ቤቱን ሠርቶ በሰላም ይኖራል። በሚኤሶ በኩል የሚያልፈው ባቡር መጨረሻው ጅቡቲ ነው። እዚያ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ በየዓመቱ በብርዱ ወራት ዌል ሻርክ ይሰበሰባል። በዓለም ካሉት ዓሣዎች ሁሉ ትልቁ እርሱ ነው፤ ሲያድግ ከ12 ሜትር በላይ ይረዝማል። የሚመገበው ግን በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ጥቃቅን የባሕር ነፍሳትን ነው። ይህን አይቶ መውደድ የጤናማ ልብ ምልክት ነው።

ጥያቄው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አንድን ፍጡር «ወደድኩት» ስንል የወደድነው እርሱን ነው ወይስ የእኛ መሆኑን?

አንዳንዶቻችሁ ከማየት አልፋችሁ ለማሳደግ ታስባላችሁ። አዲስ አበባ ሆቴል መግቢያ ላይ ወይም ካፌ ውስጥ አኳሪየም አይታችሁ «እኔም ክፍሌ ውስጥ ቢኖረኝ» ብላችኋል። ከዚያም «ሐላል ነው?» ትላላችሁ። ለዚህ ዑለሞች የሚያነሱት የታወቀ ታሪክ አለ። የአነስ (ረ.ዐ) ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይር የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ሲመጡ ስለ ወፏ ይጠይቁት ነበር። ስትሞትበትም ሐዘኑን እንደ ቀላል አላዩትም። ስለ ያዛት አልገሠጹትም። ከዚህ በመነሳት እንስሳን በደንብ እየተንከባከቡ ማቆየት እንደሚፈቀድ ተናግረዋል።

ከጎኑ ግን ሌላ ሐዲስ አለ፤ እርሱንም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንዲት ሴት በድመት ምክንያት ተቀጣች። ዘግታባት አላበላቻትም፣ ከምድር ነፍሳት ፈልጋ እንድትበላም አለቀቀቻትም። ልብ በሉ፣ ሐዲሱ ሁለት በሮችን ያሳየናል። አንዱ መመገብ ነው፤ ሁለተኛው መልቀቅ። የሴትየዋ ጥፋት ሁለቱንም መዝጋቷ ነው።

እስቲ እነዚህን ሁለት በሮች ይዘን ወደ አኳሪየሙ እንሂድ።

የመጀመሪያው በር መመገብ ነው። ዓሣ መመገብ ቀላል ይመስላል፤ ቁንጥር ምግብ ጣል ማድረግ። ዓሣ የሚኖረው ግን በምግብ ብቻ አይደለም። የሚተነፍሰው እኛ የሞላንለትን ውሃ ነው፤ የሚያስወግደውም እዚያው ውሃ ውስጥ ነው። ከሰውነቱ የሚወጣው አሞኒያ ከተጠራቀመ መርዝ ይሆንበታል። ያንን መርዝ ወደማይጎዳ ነገር የሚለውጡት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነርሱ በአዲስ ገንዳ ውስጥ እስኪራቡ ሳምንታት ይፈጃል። የቧንቧ ውሃ በቀጥታ ከተጨመረ ክሎሪኑ ዓሣውንም ባክቴሪያዎቹንም ይጎዳል። ፊልም ላይ የምናየው ትንሹ ክብ ጎድጓዳ መስታወት ደግሞ ለዓሣ የሚመች ቤት አይደለም፤ ውሃው ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይበከላል፣ አየርም አይበቃውም። መብራት ሲጠፋስ? ማጣሪያውና የአየር ፓምፑ ይቆማሉ። እኛ ሻማ ፍለጋ ስንሯሯጥ በመስታወቱ ውስጥ ያለው ፍጡር ትንፋሹ እያጠረው ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ድመቷና ዓሣው ይለያያሉ። ድመት ሲርባት ትጮኻለች፣ ጎረቤት ይሰማታል። ዓሣ ቢጨነቅ የሚጮኽበት ጉሮሮ፣ የሚያነባበት ዓይን፣ የሚጨፍነው ሽፋሽፍት የለውም። እየሞተም በእንግዳ ዓይን ያው ያምራል። «ውይ፣ እንዴት ደስ ይላል!» ብሎ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። ድምፅ ያለው አማና ራሱ ያስታውሳችኋል። ድምፅ የሌለውን ግን የሚያስታውሳችሁ አላህን መፍራት ብቻ ነው።

ወንዝ ውስጥ ያለን ዓሣ ዝናቡ፣ ጅረቱና ንፋሱ በጌታቸው ትእዛዝ ያገለግሉታል። እናንተ መስታወት ውስጥ ስታስገቡት እነዚያን አገልጋዮች ሁሉ አሰናብታችሁ ሥራቸውን በራሳችሁ ትከሻ ላይ አድርጋችኋል። ለስንት ጊዜ? እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1956 በአንድ ባዛር ጨዋታ ላይ የተሸለመ ቲሽ የተባለ ጎልድፊሽ እስከ 1999 ድረስ ኖሯል፤ 43 ዓመት! ሁሉም ያን ያህል ባይኖርም፣ በወጉ የተያዘ ጎልድፊሽ ከ10 ዓመት በላይ መቆየቱ የተለመደ ነው። ዛሬ የ18 ዓመት ልጅ የሚገዛው ዓሣ ተመርቆ፣ ሥራ ይዞ፣ አግብቶም ሊጠብቀው ይችላል ማለት ነው።

«ካቃተኝ ወንዝ ውስጥ እለቀዋለሁ» የሚል ይኖራል። ሁለተኛው በር ይህ ነው። ለድመቷ ይሠራ ነበር፤ የተወለደችበት ምድር ደጃፉ ላይ ነውና። ከሌላ አገር ለመጣ የውሃ ፍጡር ግን ብዙ ጊዜ አይሠራም። ላየንፊሽ የሚባለው፣ እሾሁ መርዛም የሆነ ውብ ዓሣ አገሩ ቀይ ባሕር፣ የሕንድ ውቅያኖስና የፓሲፊክ ውቅያኖስ ነው። ሰዎች ለውበቱ ሲሉ ወደ አሜሪካ አስገቡት። እ.ኤ.አ. በ1985 ፍሎሪዳ አጠገብ ባሕር ውስጥ ታየ፤ ተመራማሪዎች እንደሚሉት ከአኳሪየም የተለቀቀ ነው። ዛሬ ከአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ እስከ ካሪቢያንና ብራዚል ተዛምቷል። የዚያ ባሕር ትናንሽ ዓሣዎች ጠላት መሆኑን ስለማያውቁ አይሸሹትም፤ እርሱም ይጨርሳቸዋል። የለቀቀው ሰው ምናልባት «ነፃ አወጣሁት» ብሎ ተደስቶ ይሆናል።

ከእኛው አገር ምሳሌ ካስፈለገ እምቦጭ አለላችሁ። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። በዓለም ዙሪያ የተሠራጨው በአብዛኛው አበባው ስለሚያምር፣ ለኩሬ ማስዋቢያ ተብሎ ነው። ጣና ላይ ምን እንዳደረገ ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል። በጣና ውስጥ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ከ10 በላይ የዓሣ ዝርያዎች እንዳሉም አስታውሱ።

ስለዚህ ለአኳሪየም ዓሣ ሁለተኛው በር ገና ሲገዛ ተዘግቷል። ከመግዛት በፊት ማሰብ ግዴታ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ በኋላ መውጫ የለምና።

«ዓሣ እንበላ የለ እንዴ? ለመብላት የተፈቀደውን ለማየት ማቆየት ምን ያህል ይከብዳል?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንስሳ ስናርድ እንኳ ቢላዋችንን እንድንስልና የምናርደውን እንድናሳርፍ አዘዋል። ለደቂቃ ሥቃይ ይህን ያህል የተጠነቀቀ ዲን ለዓመታት እሥር ግድ የለውም ብሎ ማሰብ ይከብዳል። የሚበላ ሰው ረሃብ አለው። ለጌጥ የሚያስቀምጥ ግን የራሱን ደስታ በሌላ ፍጡር ዕድሜ እየከፈለ ነውና ጥንቃቄው ይበልጥበታል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ዓሣው ከየት መጣ? ለአኳሪየም የሚሸጡ የወንዝና የሐይቅ ዓሣዎች አብዛኞቹ በእርባታ የተገኙ ናቸው። የባሕር ዓሣዎች ግን ከአሥሩ ዘጠኙ የሚያዙት ከተፈጥሮ ባሕር ነው። ፊሊፒንስ ውስጥ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ፣ ኋላም ኢንዶኔዥያ ውስጥ፣ ሳያናይድ የሚባለውን መርዝ ኮራሉ ላይ እየረጩ ዓሣውን አደንዝዘው የሚይዙ ነበሩ፤ ሕግ ቢከለክለውም ሙሉ በሙሉ አልቆመም። ዓሣው ከተረፈ ይሸጣል። ቤቱ የነበረው ኮራል ግን እዚያው ይሞታል። ካፌ ውስጥ ቡና እየጠጣን የምናደንቀው ውበት ይህን ታሪክ ይዞ የመጣ ሊሆን ይችላል።

«እንግዲያው አኳሪየም ሐራም ነው» እያልኩ አይደለም። ፈትዋ የዑለሞች ነው። ደግሞም በወጉ የተያዘ አኳሪየም ብዙ ያስተምራል። የመጀመሪያው የሕዝብ አኳሪየም እ.ኤ.አ. በ1853 ለንደን ውስጥ ከተከፈተ ወዲህ፣ ባሕር አይቶ የማያውቅ ስንቱ ሕፃን በመስታወት በኩል የጌታውን ጥበብ አይቷል! ለዕውቀት ሰው በውሃ ውስጥ ያሉ ዓሣዎች እንኳ ምሕረት እንደሚለምኑለት ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰምተናል። እስቲ አስቡት፣ ክፍላችሁ ውስጥ ያለው ዓሣ ዱዓ ያደርግላችኋል ወይስ ይከሳችኋል?

ልትገዙ ካሰባችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። ከየት መጣ? መብራት በጠፋ ቀንና እኔ በሌለሁበት ማን ያየዋል? ዕድሜውን ሙሉ ልሸከመው እችላለሁ? መልሱ «አላውቅም» ከሆነ ፍቅራችሁን በስልክ አድርጉት፤ ከእርሱ አይጎድልም። የሙሳ ዓሣ ከዘንቢሉ ወጥቶ ወደ ባሕሩ በመሄዱ ነው መንገድ ያሳየው። አንዳንድ ፍጡር የሚጠቅመን በእጃችን ሲሆን ሳይሆን በቦታው ሲሆን ነው።

መስታወት የማትገዙም አላችሁ፤ ምናልባት ብዙዎቻችሁ። አማናው ግን እናንተንም አይለቅም። የሐረማያን ሐይቅ አስቡ። ሐረር ለአሥርተ ዓመታት ከእርሱ ጠጥታለች። ዙሪያው ጫትና አትክልት ለምቶበታል፣ ዓሣም ኖሮበታል። ከዚያ ፓምፑ በዛ፣ ከተራቆተው ተራራ የሚወርደው ደለል ሞላው፤ በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ሐይቁ ደረቀ። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ነው የወሰደው፤ «ሐይቁን የገደልኩት እኔ ነኝ» የሚል አንድም ሰው የለም። ዓሣዎቹም አልጮኹም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አላህ ውሃውን መልሶልናል፣ አልሐምዱሊላህ። ሁለተኛ ዕድል ለሁሉም አይሰጥም።

ጭሮና አካባቢዋ ያሉበት የጨርጨር ተራራ የሁለት ወንዞች ውሃ የሚለያይበት ጀርባ ነው። በአንዱ በኩል የወረደው ወደ አዋሽ፣ በሌላው በኩል የወረደው ወደ ዋቢ ሸበሌ ይሄዳል። ጫት ተጠቅልሎበት መጥቶ ቦይ ውስጥ የሚጣለው ፌስታል ክረምት ሲመጣ አንዱን መንገድ ይዞ ይወርዳል። ታች አምባዛና ቀረሶ፣ ከእነርሱም በታች ከዚያው ውሃ የሚጠጡ ግመልና ሰው አሉ። እኛ የተቀመጥነው ከሁሉም በላይ ነው፤ ውሃውን መጀመሪያ የምንነካው እኛ ነን። ከላይ መሆን ክብር ብቻ ሳይሆን ተጠያቂነትም ነው።

እንግዲህ ዛሬ ከሰላት ስትመለሱ መንገዳችሁ ላይ ያለውን ቦይ ተመልከቱ። ማታ ቪዲዮ አይታችሁ «ሱብሐነላህ» ስትሉ፣ ቀን ላይ ፌስታሉን በማንሳት ቃላችሁን አረጋግጡ።

አላህ የወደድነውን ከማይጎዱት ያድርገን። ድምፅ ለሌለው ፍጡር የሚሰማ ልብ ይስጠን። ውሃችንን ይባርክልን፣ ዝናባችንን የረሕመት ያድርግልን። አሚን።

ጁምዓ ሙባረክ።