አብረን እንገባለን

«አብረን ጀምረን አብረን እንገባለን» ያልኩት እኔው ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። እኛ የሱሉልታ ሰዎች እንጦጦን የምናውቃት በጀርባዋ በኩል ነው፤ የዚያን ዕለት ግን በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው ፓርክ ውስጥ ለነዋሪዎች በተዘጋጀ ሩጫ ከጎረቤቴ ከጋሼ ጋር ተሰለፍን።

ዳገቱ ላይ ጋሼ ትንፋሽ አጠራቸው። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ነው፤ ባሕር ዛፉ ጥላ እንጂ አየር አይጨምርም። «ሂድ ልጄ፣ እደርስብሃለሁ» አሉኝ። ሄድኩ። እውነቱን ልናገርና፣ እስኪሉኝ እየጠበቅሁ ነበር።

እናላችሁ፣ ከዚያ ወዲህ ከራሴ ጋር ሙግት ነው። ሩጫ ሩጫ ነው፤ በ1994 ዓ.ም. ኃይሌ ገብረሥላሴ የመጀመሪያውን ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ሲያሸንፍ ማን «ቆመህ ጠብቀን» አለው? ደግሞስ ፈቅደውልኝ የለ? ክርክሩ እስከዚህ ድረስ ያዋጣኛል። ግን ኃይሌ አብረን እንገባለን ብሎ ቃል አልገባልንም። የደከመ ሰውስ «ሂድ» ከማለት ሌላ ምን ይበል? «ቁምልኝ» ማለት እኮ ልመና ይመስላል።

ማለዳ ሱሉልታ ሜዳ ላይ አትሌቶቹን አያለሁ። ለሜዳሊያ የሚሮጡት እነሱ ሆነው ሳለ፣ ልምምድ ላይ ተከታትለው፣ አንዱ የሌላውን እግር እያየ ነው የሚሮጡት። እኔ ለማን ብዬ ነበር የቸኮልኩት? ስንት ሰዓት እንደፈጀብኝ የጠየቀኝ እንኳ የለም።

ጋሼ ዘግይተው ገቡ። ውሃ ሰጠኋቸው። ጠጡና፣ ከልባቸው ደስ ብሏቸው፣ «ስንተኛ ወጣህ?» አሉኝ።